የሚያመን ጥርሳችን አይደለም፦ ለፋብሪካችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፋብሪካችን ሥራ አመራር
ለፋብሪካው ክሊኒክ ኃላፊ
ግልባጭ፦ በሐዋሳ ከተማ የጤናና የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በስፌት ክፍል የምንሠራ ሰዎች ተመካክረን ነው። እኔ የኮሌታ ላይን ኦፕሬተር ነኝ። ባልደረቦቼ ተወካያቸው አድርገውኛል።

ባለፈው ግንቦት የክሊኒኩ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሁለት መስመር ነው። «ከጥርስ ጋር የተያያዘ ሕመም በክሊኒኩ አይታይም። የሕመም ፈቃድም አይሰጥበትም» ይላል። ማኅተም አለበት። ከዚያ ቀን ወዲህ «መንጋጋዬን አመመኝ» ብላ የሄደች ሁሉ ወረቀቱ እየተጠቆመላት ትመለሳለች። በቃል ሁለት ጊዜ ተናገርን። በጽሑፍ አንድ ጊዜ አመለከትን። እስካሁን መልስ የለም። በግልጽ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

አስቀድመን ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። እባካችሁ ሁለት ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት አድርጋችሁ አስቀምጡ። አፋችሁን ክፈቱ፤ ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። እሱ ነው የመንጋጋ መገጣጠሚያ። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ነው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ ማንቀሳቀስ አይቻልም። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ስስ ዲስክ አለ። አፍ ሲከፈት መጀመሪያ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ስናኝክ፣ ስናወራ፣ ስናዛጋ፣ ስንውጥ ሁሉ ይሠራል። እንደ ጉልበትና እንደ ትከሻ መገጣጠሚያ ነው። ጥርስ አይደለም።

ሲታመም ብዙ መልክ አለው። ከጆሮ ፊት ያማል። ጠዋት ሲነሱ ጉንጭ ሌሊቱን ሲያኝክ ያደረ ያህል ይዝላል። ከዓይን ጎን የሚነሳ ራስ ምታት ይመጣል። አፍ ሲከፈት «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንዴ አፍ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ደግሞም ሕመሙ አንድ ቦታ አይረጋም። ወደ ጆሮ ይሄዳል፤ ወደ ጥርስም ይወርዳል። ሰው ጥርሴ ነው ብሎ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

እኔም የተሳሳትኩት እንዲሁ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ በቀኝ በኩል ታች ያለው መንጋጋዬ ማመም ጀመረ። ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጥርስ ቤት ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ምን እንዳመመኝ ጠየቀችኝ። «መንጋጋዬን» አልኳት። «መንጋጋ» ብላ ጻፈች። በቋንቋችን መንጋጋ አጥንቱም ነው፣ የውስጠኛው ጥርስም ነው። የነቀለልኝ ባለሙያ ካርዱን አየ፣ ጥርሴን በብረት መታ መታ አደረገ። ሁሉም ያማል ስለው አንዱን መረጠ። ያልተቦረቦረ ጥርስ ነበር። ነቅሎ ጥጥ አስነከሰኝ። የግማሽ ወር ደመወዜ እዚያ ቀረ።

ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ጥርሱ የለም፤ ሕመሙ ግን አለ። ተመልሼ ስሄድ «ጎረቤቱ ነው፣ እሱንም እናውጣው» ተባልኩ። ከወንበሩ ተነስቼ ወጣሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላ ቦታ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴና በማሸት የምታክም ባለሙያ) አገኘሁ። የሄድኩት ለአንገቴ ነበር። አንገቴን እያየች «አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ። ጣቶቿን ከጆሮዬ ፊት አደረገች። «ቋ» ሲል ሁለታችንም ሰማነው። «የእኔ እህት፣ ጥርስሽ ምንም አልነበረበትም» አለችኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ምላሴ እስከዛሬ ድረስ ባዶውን ቦታ ይፈልጋል።

የተነቀለ ጤነኛ ጥርስ አይመለስም። እኛ ክፍል ውስጥ እንደ እኔ የሆኑ ሌሎች ሁለት ሴቶች አሉ። ክሊኒኩ «የጥርስ ጉዳይ ነው» ብሎ ሲሸኘን ወዴት እንደሚሸኘን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ለመንቀል ወደ ተዘጋጀ ወንበር ነው የሚልከን።

የእጅጌ ላይን ልጅ ጉዳይ ደግሞ ይለያል። ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛዋ ጉርሻ ዘረጋችላት። አፏ አንድ ጣት ያህል ተከፍቶ ቆመ። እምቢ ያለች መስሎን ሳቅን። ከዚያ እንባዋን አየን። «መንጋጋዬ ተቆለፈ» አለች በጥርሷ መካከል። ይህን የሰማ ሁሉ ደነገጠ። በቁስል በኩል የሚገባው ቴታነስ የአማርኛ ስሙ መንጋጋ ቆልፍ ነውና። ክሊኒክ ወሰድናት። ሲስተር መርፌ ወግቷት እንደሆነ ጠየቀቻት። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስፌት ቤት ውስጥ ጣቱን መርፌ ያልወጋው ማን አለ? ክትባት ተሰጣት። በዚህም ሲስተርን እናመሰግናታለን። ከዚያ በኋላ ግን «ሌላው የጥርስ ነው» ተብላ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። መገጣጠሚያዋን የዳሰሰ ሰው አልነበረም። አፏ ምን ያህል እንደሚከፈት የለካም የለም። ለዚህ ዕቃ አያስፈልግም። ጤነኛ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ሦስት ጣቶች ደራርቦ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል። እሷ አንድም በጭንቅ ነበር።

ሳምንት ያህል በአጥሚትና በሾርባ ቆየች። ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች። የአቴንዳንስ ቦነሷ ተቆረጠ።

አሁን ወደ ሥራችን ልምጣ። ይህ ሕመም አንድ መንስኤ የለውም። ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው የሚያመጣው። አደጋ፣ ምት፣ ተፈጥሮ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጥርስ ነክሶ መዋል፣ ጥርስ ማፋጨት፣ ጠንካራ ነገር ማኘክ ይቆጠራሉ። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ይበልጥ የሚታየውም በ20ና በ40 ዓመት መካከል ነው። የስፌት ክፍላችንን ዞር ብላችሁ እዩ። ማን እንደተቀመጠ ታውቃላችሁ።

የክር መቀሱን ነገር ላስቀድም። ድሮ እያንዳንዱ ማሽን ላይ አንዲት ትንሽ መቀስ በገመድ ታስራ ነበር። መቀስ ጠፋ ተባለና ለሦስት ማሽን አንድ ሆነች። ክር በራሱ የሚቆርጥ ማሽን ደግሞ ያለው ሁሉም ላይን ላይ አይደለም። ታርጌቱ ግን አልተቀነሰም። መቀሷ ከጎረቤት እስክትመጣ ኮሌታው ይከመራል። ስለዚህ በጥርሳችን እንበጥሳለን። አንድ ቀን ከጎኔ ያለችውን ልጅ መቁጠር ጀመርኩ። ጨርቁን ወደ አፏ ታመጣለች፤ ክሩን በፊት ጥርሷ ትይዛለች፤ አንገቷን ወደ ግራ ነቅነቅ ታደርጋለች። ሁልጊዜ ወደ ግራ። ሠላሳ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩ፤ ሰዓቱ ገና ግማሽ አልሆነም ነበር። የሚያማት ጎን የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋት። ግራዋን ያዘች። ክሩ ፖሊስተር ነው፤ እንደ ጥጥ ክር በቀላሉ አይበጠስም።

ስፒልና መርፌ በከንፈርና በጥርስ ይዞ መሥራትም አለ። ያኔ መንጋጋ ለረጅም ሰዓት ተጨብጦ ይውላል። እጅን ጨብጦ አንድ ሺፍት ሙሉ መቀመጥን አስቡት።

ሌላው የሚታይ ነገር የለውም። ታርጌት ሲቃረብ ሁላችንም ጥርሳችንን እንገጥማለን። ሳናውቀው ነው። ጤነኛ ሰው ሳይበላና ሳይውጥ የላይና የታች ጥርሶቹ መነካካት የለባቸውም፤ ከንፈር ይገጥማል፣ ጥርስ ትንሽ ይለያያል። እኛ ግን ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ጉንጫችን ላይ ጡንቻው ጉብ ብሎ ይታያል። ሱፐርቫይዘራችን «ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ጨርሱ» ይለናል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሱም ከላይ ይጠየቃል። አባባሉም የሁላችንም ነው፤ እናቴም ትለኝ ነበር። ነገር ግን በየሰዓቱ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በእውነት ጥርስ ሲነከስ መንጋጋ ይጎዳል።

አንገትም አለ። መብራቱ ደካማ የሆነበት ላይን ላይ ያሉት አገጫቸውን ወደ ፊት ገፍተው ነው የሚሰፉት። መንጋጋቸውን የሚያማቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ አንገታቸውንም ያማቸዋል። እኔም ለአንገቴ ሄጄ መንጋጋዬ የተገኘው በዚህ ነው።

የሌሊት ሺፍት ደግሞ እንቅልፍን ይሰብራል። ጭንቀትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ባለበት ጥርስ ማፋጨት ይብሳል ይባላል። ከእኛ መካከል አንዷ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እንደምታፋጭ የነገሯት እነሱ ናቸው። «ወፍጮ ቤት ያደርን ይመስለናል» አሏት። እናቷ ወስፋት ነው ብለው መድኃኒት ላኩላት። ዋጠች፤ ማፋጨቱ አልተወም። ሰገራዋ ሲመረመርም ምንም አልተገኘም። ልጅ ጥርስ ሲያፋጭ ወስፋት ነው ማለት የቆየ ልማዳችን ነው፤ የእሷ ግን እንቅልፏ የተስተካከለ ሳምንት ቀለል ይላታል፤ ሺፍት የተቀየረ ሳምንት ይብስባታል። ይህን በካላንደር ላይ እየጻፈች አሳይታኛለች።

ሁሉንም በፋብሪካው ላይ አናላክክም። የእኛም ድርሻ አለ። ሻይ ሰዓት ላይ ቆሎ እንቆረጥማለን። ሸንኮራ በጥርስ እንልጣለን። የለስላሳ ክዳን በጥርስ የሚከፍት አለ። ማስቲካ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያኝክ አለ። ከቆረጣ ክፍል አንድ ወንድማችን ማታ ማታ ባጃጅ ይነዳል። እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት በአንድ ጉንጩ ይዞ ያመሻል። ጉንጩ ያበጠ እስኪመስል ድረስ ጡንቻው ጠንክሯል። «እኔንም ጻፊኝ፣ ስሜን ብቻ ተይ» ብሎኛል። እሱ ጫቱን ለመቀነስ ሞክሯል። እኛም ቆሎውን ወደ ዳቦ ለውጠናል። የፈለግነው ሁለቱም ወገን ድርሻውን እንዲይዝ ነው።

ደግሞ ይህን ሁሉ ጽፈን ነገ መላው ላይን ክሊኒክ ይሰለፋል ብላችሁ እንዳትሰጉ። መንጋጋው ድምፅ የሚያሰማ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ካላመመ፣ አፍም በደንብ ከተከፈተ፣ ድምፅ ብቻውን ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል። የሚያማቸውም አብዛኞቹ በቀላል እንክብካቤ ይሻላቸዋል።

የመንጋጋን ሕመም ጥርስ ላይ ማላከክ እዚህ የተጀመረ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም ጆሯቸውንና ፊታቸውን የሚያማቸውን ሰዎች አይቶ ነገሩን ከዚህ መገጣጠሚያ ጋር አገናኘው። ምክንያቱን ግን የጎደሉ የመንጋጋ ጥርሶችና የተዛባ ንክሻ ላይ አደረገው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ስንት ጥርስ ተሞረደ፣ ስንት ተነቀለ። ዛሬ የጥርስ አገጣጠም ዋናው መንስኤ ነው የሚለው ሐሳብ ተቀባይነቱ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች ባወጡት ሪፖርት ላይ የተነሳው አንዱ ችግር የእኛው ነው። ሐኪሙ የጥርስ ነው ይላል፤ የጥርስ ሐኪሙ የሐኪም ነው ይላል፤ ሕመምተኛው መሀል ላይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም የሕክምና መመሪያ ወጥቷል። አጥብቆ የሚመክረውን ሳነብ የተሰማኝ ቁጭት ነው። ለሕመምተኛው ማስረዳትና ማረጋጋት፤ የመንጋጋ እንቅስቃሴና ማሳሳብ፤ የአቀማመጥ እንቅስቃሴ፤ ጡንቻን በእጅ ማሸት፤ ጭንቀትን የሚያቀል የምክር ሕክምና። ዲስኩን በቀዶ ሕክምና እንደማውጣት ያሉ የማይመለሱ ሕክምናዎችን ደግሞ አጥብቆ ይቃወማል። ሲታይ ውድ ማሽን የሚጠይቅ ነገር የለውም። ፊዚዮቴራፒስቷ ለእኔ ያዘዘችልኝም ይኸው ነበር። ምላሴን ላንቃዬ ላይ አድርጌ አፌን በቀስታ መክፈትና መዝጋት። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉንጬ ላይ መያዝ። ለሁለት ሳምንት ለስላሳ ምግብ። ሳዛጋ አገጬን በእጄ መደገፍ። ማሽኔ ላይ ትንሽ ቀይ ጨርቅ አስሬያለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ጥርሴን አላቅቃለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ራስ ምታቴ ጠፋ ማለት ይቻላል። ጉርሻም እቀበላለሁ።

ፈቃድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የሚጠየቀው የሕክምና ማስረጃ ነው። ሕመሙ ጉልበት ላይ ሲሆን ይፈቀዳል፣ አፍ አካባቢ ሲሆን አይፈቀድም የሚል አላነበብንበትም። የበሩ ላይ ማስታወቂያ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚስማማ እንድታስረዱን እንፈልጋለን። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ አዋጁ ወስኗል። ጭነት በሚወጣበት ሳምንት ይህ ወሰን እንዲከበር እንጠይቃለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ማስታወቂያው ይነሳ። ካልሆነም «የመንጋጋ መገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ይታያል» ተብሎ ይስተካከል።

ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ የክር መቀስ ይመለስ። በገመድ ይታሰር፤ ሺፍት ሲቀየር ቆጥረን እናስረክባለን። ለመቆጣጠሩ ኃላፊነቱን ተወካዮች እንወስዳለን። ከሁሉም ጥያቄያችን ርካሹ ይህ ነው፤ ብዙ ጥቅም የምንጠብቀውም ከዚህ ነው።

ክሊኒኩ መንጋጋ አመመኝ ያለችን ሠራተኛ ወደ ጥርስ ቤት ከመላኩ በፊት መገጣጠሚያውን ይዳስስ፤ አፏ ስንት ጣት እንደሚከፈት አይቶ ካርዷ ላይ ይጻፍ። «መንጋጋ» ብቻ ብሎ አይተው፤ አጥንቱ፣ መገጣጠሚያው ወይስ ጥርሱ እንደሆነ ይለይ። እብጠት፣ ትኩሳት፣ የፊት መደንዘዝ ካለ፣ ወይም አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍ። ለሌሎቹ ፊዚዮቴራፒ ወዳለበት ሪፈር ይሰጥ።

በየሁለት ሰዓቱ የሁለት ደቂቃ እረፍት ይሰጠን፤ አንገታችንንና መንጋጋችንን እንድናፍታታ። ሱፐርቫይዘሮችም አብረውን ያድርጉት። እነሱንም ያማቸዋል።

በዚህ ሕመም ቀርተው የአቴንዳንስ ቦነስ የተቆረጠባቸው ባልደረቦቻችን ይመለስላቸው። ስማቸውን ለየብቻ በታሸገ ፖስታ እናቀርባለን።

የከተማችን የጤና ኃላፊዎች ሆይ፣ ጥርስ ቤቶች ጤነኛ የሚመስል ጥርስ ከመንቀላቸው በፊት መገጣጠሚያውን እንዲመረምሩ ብታሳስቡልን ከእኛ ፋብሪካ ውጭ ላለው ሰውም ይደርሳል። መናኸሪያ አካባቢ የሚሠራው ሹፌር፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስተምረው መምህር፣ ስልክ በትከሻውና በአገጩ ይዞ የሚያወራው ነጋዴ ሁሉ ይህ መገጣጠሚያ አላቸው። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ለጉብኝት ስትመጡ ወገባችንንና ዓይናችንን ትጠይቁናላችሁ፤ መንጋጋችንንም ጠይቁን።

መልሳችሁን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንጠብቃለን። ያ ማስታወቂያ በተለጠፈበት በር ላይ ብትለጥፉልን ሁላችንም እናነበዋለን።

ከሰላምታ ጋር

የኮሌታ ላይን ኦፕሬተርና የስፌት ክፍል ሠራተኞች ተወካይ
ሐዋሳ